የሁለት ጣት ካሳ

«እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ካሳው ወጣ አሉ» የሚለኝን ሰው ዝም ብዬ የማልፈው ጨዋ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። አፌን ከከፈትኩ ስለማልዘጋው ነው። አማከለች ስትባል ቀየት ገበያ ላይ የማያውቃት የለም። በግ ይዤ ስወጣ ደላላው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ይሁንና በበግ ዋጋ አፍ መክፈትና በባል ነገር አፍ መክፈት ለየቅል ነው። ይኼን የተማርኩት በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ዘግይቼ።

ባሌ ቄስ ወልደ ጻድቅ ይባላሉ። ስንጋባ እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሳቸው ዲያቆን ነበሩ። ከቀየት ወጣ ብላ ባለችው ደብራችን፣ በሚካኤል፣ ሠላሳ ዓመት ቀድሰዋል። ቁጣ የሚባል ነገር አያውቁም፤ የቤቱን ቁጣ እኔ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ። ቅዳሴ ባለበት ቀን ከመኝታቸው ከተነሡ ጀምሮ ከኔ ጋራ አንድ ቃል አይነጋገሩም፣ ውኃም አይቀምሱም። ጋቢያቸውን ተከናንበው በዚያ በመንዝ ቁር ዳገቱን እየተጣደፉ ይወጣሉ። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ሰው ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝና በልጅነቴ ቀንቼ አውቃለሁ፤ ወደኔ ሲመጡ እንዲያ ሲጣደፉ አይቻቸው አላውቅማ።

አደጋው የደረሰው አምና ኅዳር ላይ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ዘቢብና ጧፍ ሊገዙ ወደ መሐል ሜዳ ሲሄዱ፣ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ። የሞተ ሰው የለም፤ ለዚህ ተመስገን ነው። የሳቸው ቀኝ እጅ ግን በበሩና በድንጋዩ መካከል ገባ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አድርሰናቸው፣ ሐኪሙ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ማትረፍ አልተቻለም አለን።

ለሌላው ሰው ሁለት ጣት ነው። ለቀዳሽ ቄስ ግን እነዚያ ሁለት ጣቶች ቅዱስ ሥጋውን የሚይዝባቸው ናቸው። በኛ ዘንድ እጁ የጎደለ ቄስ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። ይኼን የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም፤ ፋሻውን እንዳየሁት አውቄዋለሁ። እሳቸውም አውቀውታል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እዚያው አልጋው አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ቀበሌያቸውን ጠየቀችኝ። «ሥራቸውስ?» አለች።

«ገበሬ» አልኳት።

እስቲ ምን ልበላት? ክህነት ሥራ ነው እንዴ? ሥራ ማለት ገብስ መዝራት፣ በግ መጠበቅ፣ የፈረሰ ካብ መካብ ነው። በኛ አገር ቄሱ ሁሉ ያርሳል፤ ሥራህ ምንድን ነው ሲባል ቄስ ነኝ ብሎ የሚመልስ ቄስ አላየሁም። ቢል እንኳ ይሉኝታ ይይዘዋል። ጥምጣማቸው በደም ተበላሽቶ በፌስታል ተቋጥሮ እጄ ላይ ነው፤ ልጅቷ አላየችው። ገበሬ ብላ ጻፈችና ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ያቺ ቃል ከሆስፒታሉ ወረቀት ወደ ፖሊሱ፣ ከፖሊሱ ወደ ሕክምና ቦርዱ፣ ከቦርዱ ወደ ኢንሹራንሱ እየተገለበጠች ሄደች።

እጃቸው ከዳነ በኋላ የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ፍቅረ ሥላሴ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ቤታችን ድረስ መጡ። ቄሱን ከፊደል ጀምረው ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ «ወልደ ጻድቅ ልጄ፣ ቅዳሴውን ሌሎቹ ይዘውታል» አሉ። ቄሱ «አዎን የኔታ» ብቻ አሉ። አለቃም፣ «የንስሐ ልጆችህን ግን ማንም አይወስድብህም። ለመባረክ ሦስቱ ጣት ይበቃሃል። ግማሹ ተወሰደ ብለህ ግማሹን እንዳትጥለው» አሏቸው።

ያቺ ግማሽ ናት ባሌን ያተረፈቻቸው። ነገር አላሳምርም፤ ያተረፈቻቸው እሷ ናት። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ሙሉ እህል ዘግቷቸው ነበር። አለቃ ከሄዱ በኋላ መስቀል በሦስት ጣት መያዝ መለማመድ ጀመሩ። መስቀሉ ወድቆ እንዳይቃለል ብለው መጀመሪያ የተለማመዱት በኔ ማማሰያ ነው። ወጥ ልሠራ ስፈልገው የለም። «ኧረ ማማሰያዬን ይባርኩልኝ እንጂ አይውሰዱብኝ» ስላቸው፣ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሃያ ሁለት ቤት የንስሐ ልጅ አላቸው። ለጥምቀት ሁሉም ተሰልፎ መጣ። መስቀሉ አልወደቀም።

ሚኒባሱን ይነዳ የነበረው ልጅ አንዷለም ይባላል። ለእርቅ ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ቆመ። እኔ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ቢያንስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነበር። ቄሱ ግን ገና ሲያዩት ወጥተው፣ «አውርደው ልጄ፣ ይከብድሃል» አሉት። ድንጋዩን ራሳቸው በዚያ በጎደለ እጃቸው ከትከሻው ሊያወርዱለት ሲታገሉ ልጁ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ የካሳ ነገር ሲያነሡ፣ «ከዚህ ልጅ የምቀበለው የለኝም፤ ታርቀናል» ብለው ዘጉት። ለሳቸው ነገሩ እዚያች ላይ አለቀ።

ለኔ አላለቀም። ለሕክምናው አንድ በሬ ሸጠናል፤ ከወንድሜም ተበድረናል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ጎን ጠርተው፣ «የሚከፍለው ልጁ ሳይሆን የመኪናው ኢንሹራንስ ነው፤ እሱን መቀበል ነውር የለበትም። መሐል ሜዳ ጠበቃ አለ» አሉኝ። እኔም ተነሣሁ።

ጠበቃው ምንተስኖት ይባላል። ልጅ እግር ነው፤ ሸሚዙ ነጭ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ በዝግታ የሚናገር። አንገት ደፊ አገር አጥፊ ይባላል፤ ክፉ ሰው ነው ግን አልልም፤ ሥራውን ነው የሠራው። ፋይሉን አገላብጦ፣ «እትዬ አማከለች፣ ኢንሹራንሱ ዘጠና ስድስት ሺህ ብር እከፍላለሁ ብሏል» አለኝ።

«እንዴት አድርጎ ቆጠረው?»

«ቦርዱ ሠላሳ በመቶ የአካል ጉዳት ብሏል። ገበሬ ስለሆኑ በቀሩት ጣቶች እርፍ መጨበጥ ይችላሉ፤ ሥራቸውን ሙሉ በሙሉ አያቆሙም ነው የሚሉት።»

«እርፍ?» አልኩት። «ስለ እርፍ ማን ጠየቀ? ሰውየው እኮ መቅደስ የማይገቡ ሆኑ። ሠላሳ ዓመት የገቡበትን በር ከውጭ ቆመው ነው የሚያዩት። ቅዳሴ ሲጀመር ፊታቸውን ያየህ እንደሆነ ስለ እርፍ አታወራኝም።»

ምንተስኖት ብዕሩን አስቀመጠ። «ቄስ ናቸው?»

«ታዲያ ምን መሰሉህ?»

«ወረቀቱ ሁሉ ገበሬ ነው የሚለው። ማን ነው እንዲህ ብሎ ያስጻፈው?»

«እንጃ» አልኩ። እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ሰው ፊት የማላፍር ሴት፣ ያን ዕለት አፈርኩ።

ለሐዘኑስ፣ ለልቡ ስብራትስ የሚከፈል የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አለ፤ የሕሊና ካሳ ይባላል አለኝ። ሕጉ የድሮ ስለሆነ ግን ጣራው አንድ ሺህ ብር ነው። አንድ ሺህ ብር። ዛሬ በአንድ ሺህ ብር በግ አይገዛም፤ በጉን የምታስርበትን ገመድ ከነመልሱ ታገኝ ይሆናል። ሳቄ መጣ፤ የማያስቅ ሳቅ።

«ሌላ መንገድ አለ» አለ ምንተስኖት። «ቄስ መሆናቸውን ከደብሩ በደብዳቤ ካመጣችሁ፣ ከክህነቱ ያጡትን ገቢ ጨምሬ እጠይቃለሁ።»

ያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ ብሩን ብቻ አይደለም ያሰብኩት፤ እውነቱን ልናገር። ብሩም ያስፈልገን ነበር። ግን ከብሩ ይልቅ ያቺ ገበሬ የምትል ቃል ነበር እንደ እሾህ የያዘችኝ። እኔ ነኝ የጻፍኳት፤ እኔ ነኝ የማስፍቃት አልኩ። ከወረቀቱ ላይ አንድ ሰው፣ የማናውቀው የቢሮ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ከዚህ ሰው የተወሰደው ምን እንደሆነ አንብቦ ይወቅልን። ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ቄሱ አልፈለጉም። «ጸጋ ነው አማከለች። በገንዘብ ያልተቀበልኩትን በገንዘብ እንዴት አስተምነዋለሁ?» አሉኝ።

«ማን ይሽጡት አለ? የወሰዱብዎትን ይወቁት ነው ያልኩት።»

«የሚያውቀው ያውቀዋል።»

«እኔ ደግሞ ሌላውም ይወቅ እላለሁ። ለወንድሜስ ዕዳ ምን እንበለው? የሚያውቀው ያውቀዋል እንበለው?»

ሦስት ሳምንት ነዘነዝኳቸው። እኔ ስነዘንዝ እንዴት እንደሆንኩ በግ ደላሎቹን ጠይቁ። በመጨረሻ ደከሙ፤ «እንዳልሽ» አሉ። እኔ ረታሁ ብዬ ደስ አለኝ። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለኔ ነው። አለቃም ደብዳቤውን በማኅተም ጻፉልን፤ ቄስ ወልደ ጻድቅ በእጃቸው ጉዳት ምክንያት መቀደስ እንደማይችሉ የሚገልጽ፣ ከዚያ ያላለፈ፣ እውነተኛ ደብዳቤ።

ሰኔ ላይ ደብረ ብርሃን ኢንሹራንሱ ቢሮ ተጠራን። ምንተስኖት ከፊት፣ እኔ መሐል፣ ቄሱ ከኋላ ሆነን ገባን። የተቀበለችን ሴት ሰርካለም ትባላለች። እንደ ጠላት ላያት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሴቲቱ ግን ተነሥታ ለቄሱ ወንበር አቀረበች፣ አባቴ እያለች ነው የምታነጋግራቸው። ክፉ ብትሆንብኝ በቀለለኝ።

ኮምፒዩተሯ ላይ እያየች ታሰላለች፤ ምንተስኖት እየተከተለ ይጽፋል። ከቅዳሴ፣ ከክርስትና፣ ከፍትሐት፣ ከደብሩ ከሚሰጣቸው ጋራ ተደምሮ በወር ሁለት ሺህ ብር ተባለ። «እስከ ስድሳ ዓመት ነው የምናሰላው፤ አሁን አምሳ አራት ናቸው፣ ስለዚህ ስድስት ዓመት» አለች።

ቄሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። «ቄስ ጡረታ ይወጣል እንዴ ልጄ?»

ሰርካለም ፈገግ አለች። «አባቴ፣ ቅጹ እንደዚያ ነው የሚለው።»

መቶ አርባ አራት ሺህ ሆነ። በፊተኛው ዘጠና ስድስት ላይ ሲጨመር ሁለት መቶ አርባ ሺህ። ይኼኔ ሰርካለም ደብዳቤውን ደግማ አነበበችና እጇን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሣች። «ደብዳቤው ቅዳሴ ማቆማቸውን ነው የሚናገረው። ሌላውስ? ንስሐ መቀበል፣ መባረክ፣ ጠበል መርጨት አለ አይደል? እሱን የሚቀጥሉ ከሆነ ከሒሳቡ ላይ መቀነስ አለብኝ።»

«ሁሉም ቀርቷል» አለ ምንተስኖት ፈጠን ብሎ።

ሴቲቱ ግን እሱን አላየችውም። ወደ ቄሱ ዞራ፣ «እውነት ነው አባቴ? የክህነት አገልግሎትዎን ሙሉ በሙሉ አቁመዋል ብዬ ልጻፍ?» አለች።

ቄሱ እኔን ነው ያዩት። አስተያየታቸውን እስካሁን አልረሳሁትም፤ ሚስት ባሏን የምታይበት ዓይነት፣ አንቺ የምትይውን እሰማለሁ የሚል ዓይን ነበር። እኔ የወንድሜን ዕዳ አሰብኩ፤ በሬውን አሰብኩ፤ ሦስት ጊዜ የተመላለስንበትን መንገድ አሰብኩ። ደሞስ ወረቀት ነው አልኩ። ማን ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በክረምት ጭቃ እኛ ጓሮ ድረስ መጥቶ መስቀል ማን ተሳለመ ብሎ ይቆጥራል?

«አዎን፣ አቁመዋል። ጻፊው» አልኳት።

ጻፈችው። አትማ አወጣችና ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችልን። እኔ ቄስ ወልደ ጻድቅ በደረሰብኝ አደጋ የክህነት አገልግሎቴን ሙሉ በሙሉ ያቆምኩ ስለሆነ፣ ለዚሁም ካሳ ሁለት መቶ አርባ ሺህ ብር ተቀብዬ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የማላነሣ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ ይላል። ቄሱ «እስቲ ድገሚልኝ» አሏት፤ ደገመችላቸው። ከዚያ ብዕሩን በሦስት ጣታቸው ይዘው፣ ከነአባታቸው ስም፣ አንድ ፊደል ሳያጎድሉ ፈረሙ።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እኔ አወራለሁ፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ብሩ ባንክ ገባ። ጠበቃው ከመቶ አሥራ አምስቱን ወሰደ፤ ዕዳውን ከፈልኩ፤ ባለ ነጭ ግንባር ወይፈን ገዛን። ቀየት ገበያ ላይ ሁሉም እንኳን ደስ ያላችሁ አለኝ። እኔም ያኔ አሜን እል ነበር።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ጎረቤታችን ጌታነሽ መጣች። ከቄሱ የንስሐ ልጆች አንዷ ናት፤ ፍልሰታ ሳይገባ ንስሐ ልትገባ ነው። ጉሙ ከደጃችን አልተነሣም ነበር። «አባ ይፍቱኝ» ብላ እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለው መስቀሉን ያሳልሟታል ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸው ግን ከጋቢው አልወጣም።

«ጌታነሽ፣ ወደ አለቃ ሂጂ። እኔ አቁሜያለሁ» አሏት።

«ምኑን አባ?»

«ክህነቱን። ካሳ ተቀብዬበታለሁ።»

ጌታነሽ የሰማችውን ማመን አቅቷት ወደኔ አየች። እኔ በሥራ ብዛት ዛሬ ደክሟቸው ነው ብዬ ሸኘኋት። በሩን ዘግቼ ግን ፈነዳሁ። «ምን ማለትዎ ነው? ወረቀት ነው እኮ። ለወረቀት ተብሎ ነው የተጻፈ።»

«አንቺ ወረቀት ነው ትያለሽ» አሉኝ በዝግታ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ቆሜ ያነበብኩት ሁሉ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነው።»

«ታዲያ እሱና ይኼ አንድ ነው?»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያቺ ልጅ አባቴ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ዝም አልኩ፤ ፈረምኩ። ያን ዕለት ውሸት ነበር። ውሸት ሆኖ እንዳይቀር እውነት አደርገዋለሁ። ሌላ የማውቀው መንገድ የለም።»

ከዚያች ቀን ወዲህ መስቀላቸውን ለቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አስረከቡ። ሃያ ሁለቱም ቤት ተራ በተራ እየመጣ ተመለሰ። አንዳንዱ ብር ሲያገኙ ናቁን አለ፤ ሌላው ደግሞ አማከለች ናት ያስተዋቻቸው አለ፤ ይኼኛው አልተሳሳተም። አለቃ መጥተው ገሠጹ፣ ለመኑ፣ በመጨረሻም አለቀሱ። ቄሱ ጉልበታቸውን ስመው ሸኟቸው። እህል እንደገና ዘጋቸው። ቀን ቀን ከበጎቹ ጋራ ይውላሉ፤ የሚካኤል ደወል ሲሰማ ፊታቸውን አዙረው ካብ ይክባሉ። ያልፈረሰውን ካብ አፍርሰው ሲክቡ አየኋቸው።

አልቻልኩም። ተነሥቼ መሐል ሜዳ ምንተስኖት ዘንድ ሄድኩ። «ያቺን ወረቀት አስመልስልኝ። ብሩን እመልሳለሁ። ወይፈኑንም እሸጣለሁ፣ የጎደለውን በጎቼን ሸጬ እሞላለሁ» አልኩት።

ልጁ መጀመሪያ የምቀልድ መሰለው። ኋላ ግን ፊቴን አይቶ በሩን ዘጋና ተቀመጠ። «እትዬ፣ ምን ብለን ነው የምንመልሰው? ያልነው ውሸት ነበር ብለን? ያ እኮ ማጭበርበር ነው፤ ወንጀል ነው። የፈረሙት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ፖሊስ የሚጠራው እሳቸውን ነው።»

«እኔ ነኝ አቁመዋል ያልኩት።»

«እርስዎ አልፈረሙማ።» ቅጂውን ከፋይሉ አውጥቶ መጨረሻውን መስመር በጣቱ አሳየኝ። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም ይላል። አልቋል እትዬ፤ ተዘግቷል።»

ጥያቄ እንኳ ሞልቶኝ ነበር። መኪና ተሳፍሬ ስመለስ መስኮቱን እያየሁ አንዱን ጥያቄ በአንዱ ላይ ስደራርብ ዋልኩ። ያን ያህል ሰው ያነበበው ወረቀት ነው፤ ሐኪሙ፣ ፖሊሱ፣ ቦርዱ፣ ጠበቃው፣ ኢንሹራንሱ። ከነዚያ ሁሉ አንድ ሰው እንዲያውቅልኝ የፈለግኩትን ነገር ማን አወቀው? ሰርካለም ስድስት ዓመት አባዛችው፤ ምንተስኖት አሥራ አምስት ከመቶ ቆረጠው። እኔ ራሴስ አውቄው ነበር? ባውቀው ኖሮ ያን አዎን እል ነበር?

ቤት ስደርስ ቄሱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አንድ ነገር ልንገርዎ» አልኳቸው። «ሆስፒታል ሳለን ለዚያች ልጅ ገበሬ ናቸው ያልኳት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ሁሉ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያን ላቃና ብዬ ነው እዚህ ያደረስኩዎ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ዓይኔን ነው እንጂ ጆሮዬን አልጨፈንኩም ነበር።»

«ሰምተውኛል? ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አሉ?»

«ደስ ብሎኝ ነዋ።» ያን የጎደለ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው አዩት። «ያን ሰዓት ሁሉ ነገር ያለቀብኝ መስሎኝ ነበር። አንቺ ስትመልሺላት ሰማሁ። ክህነቴን ከሥራ አልቆጠረችውም፣ ዋጋ ከሚወጣለት ነገር ጋራ አልደመረችውም አልኩ። እንዲህ ያለች ሚስት ሰጥቶኝ ብዬ አመሰገንኩ።»

የዚህን ያህል ከሚሉኝ ምነው በመቱኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር በሳቸው ፊት ያላልኩት ቃል ከአፌ ወጣ፤ የቄስ ሚስት ንስሐ የምትገባው ለሌላ ቄስ ነው እንጂ ለባሏ አይደለም። እሱን ሁሉ ረሳሁት። እግራቸውን ይዤ «ይፍቱኝ» አልኳቸው።

ደግፈው አነሡኝ። እንባዬን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። «እኔ ይቅር ብዬሻለሁ አማከለች» አሉኝ። «መፍታቱን ግን ቄስ ፈልጊ።»

ብድግ ብለው በጎቹን ሊያስገቡ ሄዱ።